ከመንካት በፊት የሚባል ቃል

የልጅ ልጄ ቼዝ ልትጫወት ስትሄድ ተከትያት የሄድኩት ጨዋታው ገብቶኝ አይደለም። ተጋጣሚዋ የጋራዡ በያጅ መሆኑን ስለሰማሁ ነው። ባለፈው እሱን ያሸነፈውን ልጅ ጥርሱን አራግፎታል ይባላል። የእኔዋ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቷ ቢሰበር መርፌ በምን ትይዛለች? ከእሷ ሌላ ማን አለን?

"እማማ፣ መምጣትሽ ካልቀረ አፍሽን ዝጊ" አለችኝ በር ላይ። "ተመልካች አይናገርም። ዳኛው ካልጠየቀ በቀር ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ዝም ነው።"

"ቢቃጠልማ አንጠልጥዬሽ ነው የምወጣው!"

ቦታው የጋራዥ ጓሮ ነው። ተጫዋቾች ጥንድ ጥንድ የተቀመጡባቸው የብረት ጠረጴዛዎች፣ ዙሪያቸውን የቆሙ ጎረምሶች፣ በዘይት የጠቆረ ወለል፣ ግድግዳው ላይ በየመጠናቸው የተሰቀሉ መፍቻና መዶሻዎች። ሰው በሚናደድበት ቤት መዶሻ የሚሰቅል ምን ዓይነት ሰው ነው? ዳኛው የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ንፋስ የሚጥለው ቀጭን።

ጨዋታው ሲጋመስ በያጁ ላብ በላብ ሆነ። ንግሥቲቱን ብድግ አደረጋት። አየር ላይ እንደያዛት ፊቱ ተለዋወጠ፤ ኋላ ልጄ እንደነገረችኝ፣ ንግሥቲቱ ከዚያ ከተነሳች ንጉሡ ራቁቱን ይቀራል። ቀስ ብሎ መለሳትና "ላስተካክል" አለ።

ደንቡን እየሄድን አስረድታኛለች። የነኩትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ጠመም ያለውን ለማቃናት ከሆነ "ላስተካክል" የሚባለው ከመንካት በፊት ነው። ከነኩ በኋላ ግን ማጭበርበር ነው።

ልጄ የጨዋታውን ሰዓት አቁማ እጇን አወጣች። "ዳኛ፣ ነክቷል።"

"ላስተካክል ብያለሁ!"

"ከነካህ በኋላ ነው ያልከው፣ ጋሼ።"

የወጣውን እጇን ከአየር ላይ ነጥቆ ጠረጴዛው ላይ ፈጠፈጠው። ብረቱ ጮኸ። ጣቷ ሲንቋቋ ጥግ ሆኜ ሰማሁት። ፀጉር አስተካካዩ መሃል ሊገባ ሲል፣ በያጁ የጨዋታውን ሰዓት አንስቶ አፍንጫው ላይ አሳረፈበት። ደም በነጩም በጥቁሩም ላይ ተረጨ። ሁለት መካኒኮች በያጁን ከኋላ አነቁት።

"ተነሽ እንሂድ!" ብዬ ቀሚሷን ጎተትኩ።

"ከተነሳሁ ተሸነፍኩ" አለች፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አቅፋ። ከንፈሯ ነጥቷል።

ዳኛው አፍንጫውን በፎጣ ይዞ ወደ ተመልካቹ ዞረ። "እኔ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበርኩ። መጀመሪያ ነካ ወይስ መጀመሪያ ተናገረ? ያየ አለ?"

ያ ሁሉ ጎረምሳ መሬት መሬቱን ያያል።

"ያየ ይናገር!" አለ በያጁ እንደታነቀ። "ይናገርና አፉን በብየዳ እደፍንለታለሁ!"

ምን ላድርግ? ብናገር ይጨርሰናል። ዝም ብል ይህች ግትር ከወንበሯ አትነሳም፤ እሱም ከእጃቸው ማምለጡ አይቀርም። ዞር ብላ ብታየኝ በዓይኔ እለምናት ነበር። አላየችኝም።

"እኔ አይቻለሁ" አልኩ። ድምፄ የጫጩት ድምፅ ሆነ። "መጀመሪያ አነሳት። የተናገረው ሲመልሳት ነው።"

"አንቺ አሮጊት፣ ስለ ቼዝ ምን ታውቂያለሽ?"

"ቼዙን አላውቅም። ከገባሁ ጀምሮ ግን ዓይኔን ከእጅህ ላይ አልነቀልኩም።"

አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን ያዘ።

"ንግሥቲቱን አንቀሳቅስ" አለ ዳኛው። መካኒኮቹ የበያጁን ክንድ ላላ አደረጉለት።

"እሺ! ይኸው አንቀሳቀስኳት!" ብሎ ወረወረብኝ። ከብረት የተሠራች ናት፤ ግንባሬን ስትፈነክተው ትኩስ ደም ዓይኔን ጋረደኝ። ልጄ እንደ እብድ ጮኸች። ወንበሯን በግራ እጇ አንስታ ጉልበቱ ላይ አወረደችው። ወደቀ። መካኒኮቹ ላዩ ላይ ተከመሩበት፤ በቡጢም በእርግጫም ወቀጡት። ዳኛው በፎጣው ውስጥ "ተሸንፏል! ተሸንፏል!" እያለ ይጮኻል፤ ማን ሰምቶት!

በያጁ መፈራገጡን ሲተው ልጄ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። ጨዋታ ሲያልቅ መጨባበጥ ደንብ ነውና፣ ያንን ደህናውን እጇን ዘረጋችለት። እሱም ከሥራቸው እንደተጨፈለቀ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ መዳፉን ከፈተ።

ዘልዬ ክንዷን ያዝኩ።

"እማማ፣ ደንብ ነው እኮ!"

"ደንቡ ገደል ይግባ! ለዚህ የምንሰጠው ትርፍ እጅ የለንም!" አልኳትና፣ ፊቴን ሳልጠርግ እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።