ጃም ነው አለ

ካምፓላ ውስጥ «ጃም ነው» ያለ ሰው እውነትም መንገዱ በመኪና ተዘጋግቶበት ይሆናል፤ ገና ቤቱ ሳሙና እየተቀባም ይሆናል። ሁላችንም እንላታለን፣ እኔም እላታለሁ። ወንድሜ ኪጎንጎ ቤት ግን ቃሏ ከተከለከለች ሁለት ዓመት ሆኗታል። የሴት ልጁ የናካዌሲ የመጀመሪያ እጮኛ፣ ዘመዶቹን ይዞ ለጋብቻ ሊጠይቃት በተቀጠረበት ቀን እስኪመሽ «ጃም ነው» ሲለን ውሎ ለካ ከቤቱም አልወጣም።

ቅዳሜ ዕለት ለሁለተኛ ጊዜ ድንኳን ጣልን። ሴምፓላ የሚባለው አዲሱ እጮኛ ረፋድ ላይ ይደርሳል ተብሎ ነበር። ቀትር አለፈ፤ እንግዶቹ ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ስልኬ ሲጠራ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

«አክስቴ፣ ቡሴጋ ጋ ነን። ጃም ነው።»

ናካዌሲ የጎመሲ ቀሚሷን ሰፊ መቀነት መፍታት ጀመረች። አንጀቴን በላችው።

«በሩን ዝጉት» አለ ወንድሜ። «ልጄን ሁለቴ መሳቂያ አላደርጋትም።»

«ቆይ እስኪ አንተ ደግሞ!» አልኩና ወደ ስልኩ ዞርኩ። «ሴምፓላ፣ መስኮትህ ጋ ሻጭ አለ?» መኪና በማይቆምበት መንገድ ላይ የሙዝ ጥብስ የሚሸጥ ሰው የለም።

«አለች።»

«ስልኩን ስጣት።»

«ሄሎ እማማ» አለች አንዲት ጎርናና ድምፅ። «ከባድ መኪና መንገዱ ላይ ተገልብጧል። እነዚህን ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ የማበላቸው እኔ ነኝ። ሙሽራው ግን አልቀምስ ብሏል… ኧረ ወረደ! በሩ ሳይዘጋ ልድረስ ብሎ ነጭ የባህል ቀሚሱን ሰብስቦ በእግሩ ሄደ። እማማ፣ ስልኩን ለማን ልስጥ?»

ናካዌሲ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ ቀደመ። «አክስቴ፣ መቀነቴን እሰሪልኝ» አለች።

ሴምፓላ አቧራ ለብሶ ሲደርስ ወንድሜ ራሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። በእኛ ወግ ሙሽራ በዘመዶቹ መሀል ተሸሽጎ ነው የሚገባው።

«ብቻውን፣ በእግሩ፣ ያውም በዚህ ሰዓት?» ሲሉ አንድ ሽማግሌ አጉረመረሙ። «ምን የሚሉት ንቀት ነው?»

ሴምፓላ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው፤ ያቺ ቃል በሩን ልታዘጋበት እንደነበር በስልክ ሰምቷል። ወንድሜ ትከሻውን አቅፎ ወደ ውስጥ እያስገባው ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ጃም ነበር» አላቸው።