በርሜል ውስጥ የሰነበተው ሞተር

መካኒኩን ሰፈሩ «ጋሽ ነገ» ይለዋል። ሥራ ያውቃል፤ ቀጠሮ ግን አያውቅም። ሰሞኑን በዚህ ስም የሚቀልድበት ጠፋ። በጋራዡ ጥግ፣ በርሜል ውስጥ የተነከረው የጀልባ ሞተር የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

ጀልባዋ ስትገለበጥ የመካኒኩን ልጅ ይዛው ሄደች። ልጁን አግኝተው ቀበሩት። ሞተሩን ዓሣ አጥማጆች ዘግይተው ሲያወጡት፣ መካኒኩ መልሶ ውሃ ውስጥ ከተተው። ውሃ የገባው ሞተር አየር ካገኘው ባንድ ጀንበር ይዝጋል፤ መሣሪያው ሁሉ ሳይሟላ አይወጣም። ይሄ እውነት ነው። መሣሪያው ግን አልሟላ አለ። ቁልፎቹን በየቁጥራቸው ደረደረ፤ ካቻቪቴዎቹን ወለወለ፤ ነጭ ጋዝ በባልዲ ቀዳ፤ በማግስቱ ደግሞ እንደገና ከቁልፎቹ ጀመረ። ከመሞት መሰንበት። ፈርቷል። ሞተሩን በሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ውስጥ አሮጌ ጎማ የገጠመው እሱ ነው። ጎማው ተበልቶ ከሆነ ሞተሩ ግሎ፣ ፒስተኑ ተጣብቆ መሃል ውሃ ላይ ቆሟል፤ ልጁን የገደለውም አባቱ ነው።

በርሜሉ አልፎ አልፎ ቡልቅ ይላል። የታመቀ አየር መሆኑን አይስተውም። ቢሆንም በሰማው ቁጥር «አቤት» ሊል ይዳዳዋል።

አንድ ጠዋት ሚስቱ መጣች።

«አንተ፣ አውጣው እንጂ! ልጄ ውሃ ውስጥ ያደረው አይበቃም?»

«ነገ…»

«ዛሬ!» አለችና እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን በርሜሉ ውስጥ ነከረች።

ተጋግዘው አወጡት፤ የጣውላ መቆሚያው ላይ አሰሩት። ካንዴላዎቹን ፈታ፤ ውሃው ጫማው ላይ ተንዠቀዠቀ። ጀርባውን ለሚስቱ ሰጥቶ፣ ከፒስተኑ ጋር አብሮ የሚዞረውን ክብ ብረት ገፋ አደረገው።

እሺ አለው። ዞረ።

ፒስተኑ አልተጣበቀም። እሱ አልገደለውም! ደስታው ሳያልቅለት ግን ዞር ብሎ ሚስቱን አያት። ያን ዕለት ልጁ «እማዬ፣ ነፋሱ አያምርም» ሲል፣ «አክስትህ ማዶ ታማ ነፋስ ያስቀርሃል?» ብላ የላከችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም። ሞተሩ ነጻ ከወጣ ለእሷ የሚተርፋት ያ ነፋስ ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው አለ።

«ተጣብቋል» አላት፣ ብረቱን በጨርቅ እየሸፈነ። «ጎማው ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ዕድሜዋን የመካኒክ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ናት። ጨርቁን ገፈፈችና ብረቱን በእጇ ገፋችው። ዞረ። ደግማ ገፋችው።

«በቃሽ» አላት።

አልሰማችውም። ብረቱም ቀለል ብሎ ይዞርላታል፤ እሷም ትገፋዋለች።