የሸዋሉል የወርቅ ጣውንት

ሸዋሉል ጣውንት እንዳለባት ስቶክሆልም ጫፍ ባለችው ሱንድቢበሪ ውስጥ የማያውቅ ሐበሻ አልነበረም፤ ራሷ ናት ያወራችው። ጣውንቷ፣ ባሏ ፍቅረ ሥላሴ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈልጋት የኖረች የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም ናት።

ሰውዬው ጎረቤት ሶልና ካለው ሆስፒታል አልጋ ሲገፋ ውሎ ሲመለስ የሚያገላብጠው አንድ የድሮ ሳንቲሞች መጽሐፍ ነበረው። ቤተ መጻሕፍቱ አሮጌዎቹን ሲያራግፍ በአምስት ክሮነር የገዛው ነው። አሜሪካኖች ገና አገር ሆነው ሳይደላደሉ ከቀረጿቸው ሳንቲሞች መካከል አንዷ ላይ ዓይኑ እዚያው ቀረ። የ1803 ባለ አምስት ዶላር ናት፤ አንዲት ሴት ሻሽ የመሰለ ቆብ ደፍታ ወደ ቀኝ ታያለች። ዋጋዋ የትም ቦታ አልተጻፈባትም። ያኔ ወርቁ ራሱ ይናገር ነበር እያለ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ያስረዳል። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ነጭ ጓንት ከሚያጠልቁ ስዊድናውያን የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ሄዶ ጥግ ይቀመጣል። ሲመለስ ሸዋሉል፣ "ጣውንቴ ዛሬም አልመጣችም?" ትለዋለች።

በፈረንጆቹ 1996፣ ጥቅምት ላይ፣ ስቶክሆልም መሀል ከተማ ያለ አንድ የሳንቲም ነጋዴ ደወለለት። የ1803ቷ ተገኝታለች፣ ያውም በርካሽ። የርካሽነቷን ምክንያት ሱቁ ሲደርስ አየው፤ ከሴትየዋ ቆብ በላይ ተበስታለች። የተበሳች ሳንቲም ደግሞ ለሰብሳቢ አለቀላት ማለት ነው። ነጋዴው፣ አንጥረኛ ቢደፍናት ማንም አይለያትም ብሎ መከረው። ፍቅረ ሥላሴ ያልተበሳችውን ለመግዛት ሌላ ዕድሜ እንደሚያስፈልገው ስለሚያውቅ ገዛት። ቅዳሜ ማኅበሩ ፊት እንዳያፍር ለሐሙስ አንጥረኛ ዘንድ ቲድ፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ አስያዘ። ለሸዋሉል ግን ትንፍሽ አላለም። ያን ሁሉ ዓመት እንከን የላትም እያለ ሲሰብክላት ኖሮ፣ አሁን ተበስታ መጣች ሊላት አልደፈረም። በር ኋላ የተሰቀለው ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተታት።

ረቡዕ ከሥራ ሲመለስ ሱሪው የለም። የሸዋሉል የትቬትስቱጋ፣ የሕንጻው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ተራ መሆኑ ትዝ ሲለው፣ ሊፍቱን ሳይጠብቅ ወደ ምድር ቤቱ በረረ። ማሽኑ ይሽከረከራል፤ እሷ አንሶላ ታጥፋለች።

"ኪሱን..." ብሎ መጨረስ አቃተው።

ቀና አለች። ሳንቲሟ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥላለች።

"ጣውንቴን ልታሳጥበኝ ነበር" አለችው።

ነጋዴውን፣ አንጥረኛውን፣ የቅዳሜውን ኀፍረት፣ አንድ ሳያስቀር ተናዘዘ። ሸዋሉል የአንሶላውን ጫፍ አስያዘችውና እየሳበች አስጠጋችው።

"ብሱን አየኸው? ጠርዙ በላይ በኩል ሳስቷል። ክር የበላው ነው። አንዷ ዕድሜዋን ሙሉ አንገቷ ላይ አድርጋት ኖራለች።"

"ሰብሳቢዎቹ ግን ተበላሽታለች ነው የሚሉት።"

"እነሱማ ሣጥን ውስጥ ነው የሚያኖሯቸው። ይቺ ሰው ታውቃለች። እንዳታስደፍናት፣ ፍቅሬ።"

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲመኛት እንዲህ አድርጎ አስቧት አያውቅም። ሽቅብ ወጥቶ ለአንጥረኛው ደወለና ቀጠሮውን ሰረዘ።

ቅዳሜ አብረው ሄዱ፤ ሸዋሉል ክሩን አልፈታም ስላለች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ብሱን ሲያይ ፊቱን ቋጠር አደረገ። እሷ ግን በዚያ በሚሰባበር ስዊድንኛዋ የክሩን ነገር አስረዳችው። ሰውዬው መብራቱን አስጠጋ፤ አጉሊ መነጽሩን ይዞ ወደ አንገቷ ጎንበስ አለ፤ እንዳጎነበሰም ቆየ። ከኋላው ሌሎቹ ሳይነገራቸው ተሰለፉ። እንከን የሌላቸው ሳንቲሞች ጠረጴዛው ላይ ሣጥናቸው ተከፍቶ ብቻቸውን ቀሩ። ፍቅረ ሥላሴ ከጥግ ወንበሩ ተነሥቶ፣ ደስ ብሎት፣ ትንሽም ቀንቶ፣ ሚስቱን ከሰልፉ ጀርባ ሲያያት ቆመ።

በፔንደልቶጉ ባቡር ሲመለሱ፣ ሳንቲሟን መቼ ፈትታ እንደምትመልስለት ጠየቃት።

"ማክሰኞ" አለችው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ አልነገረችውም። እሱም አንገቷ ላይ የተጣመመውን ክር አቃናላት።