ተቀምጠው የዳኑት

«ሰው ሲሰጥም እሱ አኮርዲዮን ይጫወት ነበር አሉ» አለች አንዲት ለቀስተኛ ከዳሱ ጥግ፣ ንፍሮዋን እየዘገነች። ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏታል። የሟቹ አባት አቶ ሻንቆ ግን ሰሙ።

ሬሳ የለም፤ የኦሞ ወንዝ የሚገባበት ሐይቅ አስቀርቶታል። ኦሞ ሞልቶ በዳሩ ከብት የሚያረቡትን ዳሰነቾች ደሴት ላይ ሲከብባቸው የሞተር ጀልባ ተላከ። ለአብዮቱ ቅስቀሳ ወደዚያ የወረዱት ሟቹ ሙሴና የኪነት ቡድን ጓዶቹም ሰው ለማውጣት አብረው ተሳፈሩ። ሲመለሱ ሞተሩ ጠፋ፤ ጎርፉ ጀልባዋን እየነዳ ሐይቁ ውስጥ ከተታት። አብረው ተሳፍረው የነበሩ፣ ቀድመው ዋኝተው ያመለጡ ሁለት የመንግሥት ቢሮ ሰዎች ጂንካ ገብተው ሙሴ ሲጫወት ትተነው መጣን አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ወሬው ዳሱ ሲደርስ ልጁ ሰክሮ ነበር ተባለ።

አቶ ሻንቆ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። መንግሥት ቤተ ክርስቲያኑን ካሸገው ወዲህ ምእመኑ ሳይሳቀቅ የሚዘምረው ለቅሶ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ሰው ሲሞት ሐዘኑም ዝማሬውም አንድ ላይ ይወጣል። በሠልስቱ ሽማግሌው ተነሥቶ ሟቹ እንዴት እንደኖረና እንዴት እንደሞተ ይመሰክራል። ዛሬ ሠልስት ነው፤ መስካሪውም አባት። ስለ አሟሟቱ ምን ብለው ይናገሩ? እፍረቱ ከሐዘኑ እኩል አንገታቸውን አስደፍቷቸዋል።

ቤተ ክርስቲያኑ የታሸገ ቀን ትዝ አላቸው። ሴቶቹ ሲጮኹ ሊያሽጉ የመጡት ወታደሮች ጠመንጃ አቀባበሉ። ሙሴ አኮርዲዮኑን አንግቶ የመዘምራኑን ዜማ ጀመረ፤ ሕዝቡ እየዘመረ ተራ በተራ ወጣ፣ አንድ ሰው አልተነካም። ያን ቀን ልባቸው በኩራት ሞልቶ ነበር። ግን ያየው ካድሬ «ይህ ልጅ ለአብዮቱ ያስፈልጋል» ብሎ ኪነት አስገባው። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው ቤተ ክርስቲያኑን ላሸገው መንግሥት ስለሚጫወት፣ ስለ እሱ ሲጠየቁ ወሬ ይቀይሩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የኪነት ቡድኑ ከበሮ መቺ ንብረት ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ፣ ከጀልባዋ ከተረፉት አንድ የዳሰነች ሽማግሌ አስከትሎ ገባ። የአቶ ሻንቆን ጉልበት ሳመ።

«አባባ፣ የተወራውን ሰምቻለሁ» አለ። «ጀልባዋ ውኃ ስታስገባ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ወደ አንድ ጎን ሄደ፤ አጋደለች። ሙሴ ‹እንጫወት› ሲል እኔም ያበደ መስሎኝ ነበር። የዳሰነቾችን የጭፈራ ምት ልጀምር ስል እጄን ያዘኝ። ‹ይህን ከመታህ ይዘላሉ፣ እንገለበጣለን› አለ። የዳሰነች ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለበሬያቸው የሚያዜሙት አለ፤ ቀስ ያለ ነው። እሱን ጀመረ። አባባ፣ ሁሉም ተቀመጡ። ታንኳዎች ከዳር እየመጡ ጥቂት ጥቂት ሲያወጡ ማንም አልተጋፋም። በኋላ አንዱ ታንኳ ላይ ለአንድ ሰው ቦታ ቀረ። እኔን ገፍቶ አስገባኝ፤ እሱ ‹ዜማው ከቆመ ይነሣሉ› ብሎ ከቀሩት ጋር ቆየ። ታንኳው ተመልሶ እነሱን ሲያወጣ ጀልባዋ ተሰነጠቀች። ሁሉም ወጡ። እሱ ብቻ ቀረ።»

እናቱ ሣራ «ልጄ» ብላ ፊቷን ሸፈነች። የዳሰነቹ ሽማግሌ ማንም ሳይጠይቃቸው መሬት ላይ ተቀመጡና ያንኑ የበሬ ዜማ በዝግታ ማዜም ጀመሩ።

ዳሱ ተረበሸ። በአማኝ ለቅሶ ቤት ለበሬ ይዘፈናል? ያቺ ለቀስተኛ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣች፤ ሌሎችም ተከተሏት። የቀሩት አቶ ሻንቆ እንዲያስቆሙ ዓይናቸውን ጣሉባቸው።

አቶ ሻንቆ ቆሙ።

«ሙሴ ሻንቆ ይባላል» አሉ። «የእኔ ልጅ ነው።»

መዳፋቸውን ወደ ታች አድርገው፣ ለተነሡት ሁሉ ተቀመጡ የሚል ምልክት ሰጡ። ሰዉ አንድ በአንድ ተቀመጠ። እሳቸውም ወንበራቸውን ትተው ከዳሰነቹ ሽማግሌ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡና፣ ቃሉን በማያውቁት ዜማ ጉልበታቸውን በእጃቸው ቀስ እያሉ ይመቱ ጀመር።