የመካከለኛው ሕንፃ ችካል

ሰርካለም ማክሰኞ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «አባዬ፣ የመዝገብ ቤታችን በር ዛሬም አልዘጋ አለ። የግድግዳው ስንጥቅ እጅ ያስገባል» አለች። አባቷ ግንበኛው ጫኔ ሊጎርስ ያነሳውን መልሶ አስቀመጠው።

የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ከቀየት ከተማ ወዲያ ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ኮረብታው ላይ የቆመ ነው። ሦስት ሕንፃ ሆኖ ዳርና ዳሩ ባለ ሦስት ፎቅ፣ መካከለኛው ባለ አምስት ነው። ፊቱ መስታወት። በመንዝ ብርድ መስታወት! የነደፈው ሰው ከጓሳ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ አንድ ቀን ቢቀምሰው ኖሮ ድንጋይ በድንጋይ ያደርገው ነበር። ሠራተኛው ጋቢ ደርቦ ኮምፒውተር ይነካካል። ያም ሆኖ ከተማው ኮርቶበታል፤ ሙሽራ ሳይቀር ከፊቱ ፎቶ ይነሣል።

ቦታው ድሮ የባላባት ግቢ ነበር። ክብ የድንጋይ ቤት ነበረው፤ በጓሮው ደግሞ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የእህል ጉድጓድ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር መጋዘን ሆነ፤ ከዚያ የቆርቆሮ ቢሮዎች ተሠሩበት፤ ከዚያ ይኼ ፎቅ መጣ። የባላባቱ ቤት ድንጋይ ፈርሶ የፎቁ መሠረት ውስጥ ገብቷል። ያስገባው የግንበኞቹ አለቃ ጫኔ ነው።

የጉድጓዱን ጉድ ግን ከእሱ በቀር የሚያውቅ በሕይወት የለም። ጫኔ የአሥራ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ሳለ፣ ታጣቂዎች ጎረቤታቸውን አባይነህን ከመጋዘኑ ጀርባ ተኩሰው ጥለውት ሄዱ። ሚስቱ አማከለች «ታስሮ ሩቅ አገር ተወስዷል» ተባለች። ሰው ሁሉ ገበያ በዋለበት ሰዓት፣ የጫኔ አባትና የንስሐ አባታቸው ሬሳውን ጅብ እንዳይበላው ብለው ጉድጓዱ ውስጥ ጨመሩት። ጫኔም ሬሳውን አብሮ ይዞ አፈር መለሰበት። ነገሩ ቢሰማ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠፋ ነበርና፣ ቄሱ መስቀላቸውን አውጥተው «እኔ ሳልፈታው ይህን የተናገረ በአፈ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዝ ይሁን» ብለው አሰሩ። ዓመት ሳይሞላ አረፉ። የጫኔ አባት ሞተ፣ ደርግም ወደቀ፤ ግዝቱ ግን እንዳለ ቀረ።

መሠረቱ ሲቆፈር የመካከለኛው ሕንፃ አንድ ዓምድ ልክ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ዋለ። ቢቆፈር አጥንት ይወጣል፤ ሰው ይጠይቃል። ጫኔ መሐንዲሱ ምሳ ሲሄድ ጠብቆ የዓምዱን ቦታ የሚያመለክተውን ችካል ነቀለና ወደ ጎን ፈቀቅ አድርጎ ተከለው። ዓምዱ ከጉድጓዱ አፍ ሸሸ እንጂ ከሆዱ አላመለጠም፤ አሁን ወደዚያ እየሰመጠ ግድግዳውን ይሰነጥቃል። ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይኼ ነው።

ረቡዕ ጧት የአሁኑ የንስሐ አባቱ መምሬ አትናቴዎስ ዘንድ ሄደ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ታስሬበታለሁ። ያሰሩኝ አባት ደግሞ የሉም።»

«እንግዲያ የሚፈቱህ ጳጳሱ ናቸው» አሉ መምሬ። «አርብ ደብረ ብርሃን አብረን እንሄዳለን። እስከዚያ አፍህን ጠብቅ።»

ሲመለስ በመሥሪያ ቤቱ በኩል አለፈ። ባለ ጉዳይ ደረጃው ላይ ተሰልፏል። ከዓምዱ ሥር ትኩስ የረገፈ ልስን ወለሉ ላይ ተበትኗል። ቀና ሲል ሰርካለም መዝገብ ታቅፋ በመስኮቱ ስታልፍ አያት። ጫኔ እግዜርን ይፈራል፤ በዚያች ሰዓት ግን ዓምዱን የበለጠ ፈራው።

«ነፍሴ እንደ ፍጥርጥሯ!» አለና ገባ። ለኃላፊው ለቴዎፍሎስ፣ ባለ ጉዳዩ ሁሉ እየሰማ፣ ጉድጓዱንም ችካሉንም ሬሳውንም ተናገረ። ምላሱ የሚደርቅ መስሎት ነበር፤ አልደረቀም። ይኼው ራሱ አንገበገበው። ለዚህ ነው አርባ ሰባት ዓመት አፉን የያዘው?

እስከ ምሳ ሰዓት ሰዉ ሁሉ እንዲወጣ ተደርጎ ሕንፃው ባዶ ሆነ። በማግስቱ ዓምዱን በእንጨት ደግፈው ከጎን ሲቆፍሩ አጥንቱ ወጣ። አማከለችም መጣች።

ይህች ሴት ሞቱን ያረጋገጠላት ስለሌለ ከል አልለበሰች፣ ተዝካር አላወጣች፣ ሌላ ባልም አላገባች። በየዓመቱ ያንን ፎቅ በምርኩዟ እየወጣች ባሏ የት እንደታሰረ ስትጠይቅ፣ ሰርካለም መዝገብ አገላብጣ «እማማ፣ ስማቸው የለም» ትላት ነበር።

ጫኔ እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከላት። የተበደለው ሰው «አውርድ» እስኪል ድንጋይ አይወርድም።

«በድያለሁ፣ እትዬ አማከለች። ስለ እመቤታችን ብለሽ ማሪኝ።»

ቁልቁል አየችው። «ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ ነው ያስተኛችሁት?»

ክርስቲያን ሲቀበር እንዲያ ነው። ጫኔ ግን ሬሳውን በእግሩ በኩል ይዞ የለቀቀው እሱ ራሱ ነው። ለማስተካከል ወደ ጉድጓዱ የወረደ አልነበረም።

«በፊቱ ተደፍቶ ነው የወደቀው» አላት።

አማከለች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና አፈሩ ላይ ተቀምጣ፣ ዛሬ እንደሞተባት ሁሉ ስሙን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ሰዉ አንድ ሁለት እያለ አጠገቧ ተቀመጠ፤ ሰርካለምም አባቷን አልፋ ሄዳ ተቀመጠች። ጫኔ ድንጋዩን እንደተሸከመ ቀረ፤ አውርድ ያለው አልነበረም።