የመሪጌታ አንድ ዓይን

በአንድ ዓመት አራት አገር ዞርኩ ብል ጉራ ይመስላል። የዞረው ፊልሙ ነው፤ እኔ ተከትዬው ነው የሄድኩት። ስምንት ደቂቃ የሚሆን፣ በእጅ የተሣለ የአኒሜሽን ፊልም ነው። ዳባት፣ ከእህቴ ከዝናሽ ቤት ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስሥለው ኖርኩ። ፌስቲቫል የሚሉት ነገር ከሩቅ ሲያዩት ያጓጓል። ሲቀርቡት አንገት ላይ የሚንጠለጠል ካርድ ነው፣ በቁም የሚበላ ምግብ ነው፣ ከዚያም «በአገራችሁ መብራት አለ?» የሚል ጠያቂ ነው። አለ እላለሁ፤ ሲኖር።

ፊልሙ «ብቻቸውን» ይባላል። ከመንደራቸው እስከ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ስለሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ነው። ሰው ሲያያቸው መንገድ ይቀይራል፣ በር ይዘጋል፤ እሳቸው ግን ይሄዳሉ። ታሪኩን ከሆዴ አላወጣሁትም። ሽማግሌው መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው። ከደባርቅ ወጣ ብላ ያለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ፣ ቀለም እየበጠበጥኩላቸው ሥዕል ያስተማሩኝ የኔታ።

አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ከዚያች ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አንድ የብራና መጽሐፍ ጠፋ። መሪጌታ ቀለማቸውን የሚያሳድሩት እዚያ ስለነበር ቁልፉ በዚያ ሰሞን በእጃቸው ነበር። ክስ አልቀረበ፣ ምስክር አልተሰማ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎረቤታቸው አያ ገዱ «ቁልፍ የያዘ ያውቃል» አሉ፤ በቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመሪጌታ ጋር መንገድ የሚሄድ ሰው ጠፋ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይቅርታ የጠየቃቸውም የለም።

ፊልሙን የሠራሁት ለዚህ ነው። የአገሬ ሰው አይቶት እንዲያፍር ነበር የፈለግኩት። የውጭ አገር ጭብጨባ አያስደስትም አልልም፤ ግን ፈረንሳይ አገር መሪጌታን ያማ ሰው የለም። ስለዚህ ዘንድሮ ተዘግቶ የቆየው መንገድ ሲከፈት ፕሮግራም ያዝኩ። ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ደባርቅ አዳራሽ፣ ሰኞ ዳባት ትምህርት ቤት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ፖርቱጋል። መሪጌታ ቅዳሜ ሊመጡ ቃል ገብተዋል። ያላለቀ ሥዕል ማየት ስለማይወዱ «ሲያልቅ አየዋለሁ» እያሉ እስከዚያ ድረስ አንዲት ሥዕል እንኳ አላዩም ነበር።

ረቡዕ አዳራሹን ለማየት ደባርቅ ሄድኩ። የባህል ጽሕፈት ቤቱ ምሥጋናው ማስታወቂያ አሳትሞ በር ላይ ለጥፎ ጠበቀኝ። በሩን የሚያህል ወረቀት ነው። መሪጌታ በትራቸውን ይዘው፣ ፊታቸው ወደ ጎን ሆኖ ይራመዳሉ።

«ከፌስቲቫሉ ዌብሳይት ነው ያወረድኩት፤ ኳሊቲው አሪፍ ነው» አለኝ።

ነጭ ሽንኩርት በዘንቢል የያዙ አንዲት ሴትዮ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩት።

«ይኸ ደሞ የማን ይሁዳ ነው?» አሉ።

«ይሁዳ አይደሉም እናቴ፤ መሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው» አለ ምሥጋናው።

«እንዲያ ነው? ታዲያ ምን አድርገው ነው?»

ፊደል ያልቆጠረው የአገሬ ሰው እንኳ ግድግዳ ላይ ሲያየው ያደገውን ነገር እኔ ረስቼዋለሁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ፊቱን ወደኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ነው የሚያየን። ይሁዳ፣ ሰይጣን፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች ወደ ጎን ነው የሚሣሉት፤ ዓይናቸውም አንድ ብቻ ነው። ይህን ያስተማሩኝ መሪጌታ ራሳቸው ናቸው። «የክፉ ዓይን ከሚጸልይ ሰው ዓይን ጋር እንዳይገጥም ነው» ብለውኝ ነበር።

አኒሜሽን ላይ ደግሞ የሚራመድ ሰው ወደ ጎን ሲሣል ይቀላል። አሥራ ሁለት ሥዕል ይሠራና እሱኑ እየደጋገሙ ማስኬድ ነው። እኔም መሪጌታን ስድስት ደቂቃ ሙሉ እንዲያ አስኬድኳቸው። ፈረንሳይ ላይ አንዲት የፌስቲቫል ዳኛ «ለምን አንድ ዓይን ብቻ?» ብትለኝ «ምስጢራዊ እንዲሆኑ ነው» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ስንፍና ነው። እሷ ግን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። የኔታን ስማቸውን ላጸዳ ተነሥቼ፣ ባስተማሩኝ ሥዕል ፈረድኩባቸው። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይሉ የለ፤ የኛን ሥዕል የኛ ሰው እስኪያየው ድረስ ጉዴ አልታወቀም ነበር።

ዳባት ስመለስ ለዝናሽ ነገርኳት። መምህርት ናት፤ ሁሉም ነገር ተነግሮ የሚያልቅ ይመስላታል።

«ሂጂና ንገሪያቸው፣ ስመኝ» አለችኝ።

«ምን ብዬ?»

«አጠፋሁ ብለሽ ነዋ።»

«ካዩት በኋላ እነግራቸዋለሁ፣ እታለም።»

«ሰው ፊት ከተዋረዱ በኋላ?»

ፈርቼ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያልከዳኋቸው እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ ስመካ ኖሬ፣ እሷን አንዲት ነገር ከእጄ እንዳላጣ ፈራሁ። እናም ሰነፍ ሰው በመጨረሻ ሰዓት የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ሥራ ጀመርኩ።

አንድ ሴኮንድ አሥራ ሁለት ሥዕል ይበላል፤ ፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ደግሞ በየእርምጃው ስለሚያድግ እሱኑ መደጋገም አይቻልም። ስድስቱን ደቂቃ እንደገና ልሣል ብል ሌላ ሦስት ዓመት ነው። መጨረሻዋን ብቻ ለመቀየር ወሰንኩ። መሪጌታ ቆም ይላሉ፣ ወደ ተመልካቹ ዞር ይላሉ፣ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ይታያሉ። አራት ሴኮንድ፣ አርባ ስምንት ሥዕል። መብራት ሐሙስ ከሰዓት ሄዶ ዓርብ ጠዋት መጣ። ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጨረስኩ። ዓይኖቻቸውን ግድግዳ ላይ እንዳሉት ጻድቃን ትልልቅ አደረግኳቸው። ፊልሙን አይቼ «ይሁን» አልኩ እንጂ ልቤ አላረፈም።

ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ አዳራሹ ሞላ። መሪጌታ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ በትራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ከፊት ተቀመጡ። አያ ገዱ ድንች የሸጡበትን ባዶ ጆንያ አጣጥፈው ይዘው ሁለት ረድፍ ከኋላቸው ነበሩ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ በምትታየው ውሻ ሰው ሳቀ። ከዚያ መሪጌታ መራመድ ሲጀምሩ ሳቁ ቆመና ጉምጉምታ ተነሣ።

«አንድ ዓይን ናቸው እኮ» አለች አንዲት ሴት።

«ድሮስ ብለን አልነበር?» አለ ከኋላ ያለ ሰው።

የመሪጌታን ማጅራት ነበር የማየው። ንቅንቅ አላሉም። ስክሪኑ ላይ ሰው በር ሲዘጋባቸው፣ አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው በሩን ልክ ነው የዘጋው የሚል ይመስል ነበር። አራት ዓመት የደከምኩበትን ሥራ መብራት ቢያጠፋልኝ ብዬ ተመኘሁ። መብራት ግን ሲፈለግ አይጠፋም። መጨረሻ ላይ ዞር ብለው በሁለት ዓይናቸው ሲያዩ ሰው ግራ ገባው። ጻድቅ ይበላቸው ወይስ ኃጥእ መቁረጥ አቃተው፤ የሚያጨበጭብም ጠፋ።

ምሥጋናው የጥያቄና መልስ ጊዜ መሆኑን አስታውቆ ማይኩን ሰጠኝ።

«ከጥያቄው በፊት» አልኩ። «መሪጌታን በአንድ ዓይን የሣልኩት ጥፋት ስላለባቸው አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ረስቼ ነው።»

መሪጌታ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ምሥጋናው ማይክ ሊሰጣቸው ሮጠ፤ በእጃቸው መለሱት። አምሳ ዓመት የቆሙበት ማሕሌት ማይክ አልነበረውም።

«ስመኝ» አሉኝ።

«አቤት፣ የኔታ።»

«መጨረሻ ላይ ዞሮ ያፈጠጠው ሽማግሌ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ሰው ላይ እንዲያ አፍጥጬ አላውቅም። ጆሮዬንም አሳንሰሽዋል። አውጪው።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«እሺ የኔታ። ግን አንዱ ዓይን …»

«አንዱ ዓይን ልክ ነው።»

መሪጌታ ቸኩለው አያውቁም፤ ትንፋሻቸውን ሰብስበው ቀጠሉ።

«ግድግዳ ላይ የምንሥለው፣ ፊት ለፊት ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። አንቺ ግን ፊት ለፊቴ ቆመሽ መች አየሽኝ? እናትሽ እየተቆጡሽ፣ የቀለሙን ቅል ይዘሽ ኸኔ ጋር ትሄጂ ነበር። አብሮ ለሚሄድ ሰው የሚታየው አንዱ ዓይን ነው። ያየሽውን ሣልሽ፤ ይኸ ጥፋት አይደለም። ፊት ለፊት ቆመው ሁለቱን ዓይኔን ያዩትማ እነሱ በር የዘጉት ናቸው።»

«የፊልሙን ስም ግን ዋሽተሻል» አሉኝ ሊቀመጡ ሲሉ። «ብቻዬን አልነበርኩም።»

አለቀስኩ። ማይኩን አፌ ላይ እንደያዝኩ ስለነበር ልቅሶዬን አዳራሹ ሙሉ ሰማው። ሃያ ዓመት ስለሳቸው ሳስብ ራሴን መንገዱ ላይ አስቤው አላውቅም ነበር። ፊልሙ ውስጥም የለሁበትም።

ከአዳራሹ ስንወጣ ልሸኛቸው አብሬ ተነሣሁ። በትራቸውን በቀኝ ስለሚይዙ እንደ ድሮው በግራቸው ሆንኩ። ለፖርቱጋሎቹ ሰኞ ጽፌ ስሙን እንደማስቀይር ነገርኳቸው፤ «መልካም» አሉኝ። ገበያውን አልፈን አቀበቱን ስንጀምር ከኋላችን ኮቴ ሰማን። አያ ገዱ ናቸው። ጆንያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጥቂት ከኋላ ከኋላ መጡ፤ ከዚያ እርምጃቸውን ጨመሩና በመሪጌታ ቀኝ በኩል ገጠሙ።

«እንደምን ዋሉ፣ መሪጌታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ድንቹ ተሸጠ፣ ገዱ?»

«ተሸጠ።»

ረጅም መንገድ ሦስታችን እኩል ሄድን። የመንደሩ ዛፎች መታየት ሲጀምሩ አያ ገዱ ወደ መሪጌታ ፊት ቀና ብለው አዩና፣ የራሳቸውን ጋቢ ጫፍ አንሥተው ሰጧቸው። መሪጌታ ተቀብለው በአያ ገዱ በኩል ያለውን ዓይናቸውን ጠረጉ። በእኔ በኩል ያለው ዓይን ደረቅ ነበር።