ኦዳሊ ውሃ ላይ ቤት ገዛች

ኦዳሊ ትሮስክሌር የካሳ ቼኳን በተቀበለች ሳምንት፣ ባዩ በሚባለው ረግረጋማ ወንዝ ዳርቻ ያለ ሰው ሁሉ ደላላ ሆነ። አንዱ «የአክስቴ ቤት ባዶ ነው» ይላታል፤ ሌላው ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተከትሏት ስለ ጣራ ቆርቆሮ ይሰብካታል። በሽሪምፕ ፋብሪካው የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍቱ፣ ግራ እግሯን ከጨፈለቃት ወዲህ እንዲህ ተፈላጊ ሆና አታውቅም።

ጉዳዩ ግን ጥድፊያ ነበረው። ጠበቃዋ ቼኩን ሲሰጣት እንዲህ አላት፦

«ሚስ ኦዳሊ፣ ይህ ገንዘብ ወሩ ካለቀ በኋላ ባንክ ውስጥ ከተገኘ የአካል ጉዳት ድጎማዎ ይቆማል፤ ነፃ ሕክምናውም አብሮ ይሄዳል። የሚኖሩበት ቤት ግን አይቆጠርብዎትም። ስለዚህ ቤት ይግዙ፤ ቶሎ ይግዙ።»

የወንድሟ ሚስት ቨርና ምርጫዋን ጨርሳ ነበር፤ ከእሷ ቤት ግድግዳ ለግድግዳ የሚገናኝ የጡብ ቤት። ኦዳሊ ከጉዳቷ ጀምሮ የምትኖረው ቨርና ጓዳ ውስጥ ነው። ቨርና ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እጇም አፏም አያርፍም እንጂ። የኦዳሊን የውስጥ ልብስ ሳይቀር በቀለም ለይታ የምታጥፈው እሷ ናት።

«ግድግዳውን ብንሰብረው አንድ ቤት ይሆናል!» አለች ቨርና፣ በደስታ።

ኦዳሊም የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ከዚያ አንድ ከሰዓት፣ ቨርና ነዳጅ ልትቀዳ ወደቡ ጋ መኪናዋን ስታቆም፣ ኦዳሊ የሽማግሌውን የዳድሊ ፒትርን ተንሳፋፊ ቤት አየች። ሰማያዊ ነው፤ በሩ ላይ «ይሸጣል» ተጽፎበታል። ሽማግሌው አስገባት። ከአልጋ እስከ ምድጃ፣ ከምድጃ እስከ በረንዳ፣ በግድግዳው ሁሉ ጀልባ ሲናወጥ የሚይዙት እንጨት ተጋድሟል። ኦዳሊ ክራንቿን በሩ ላይ አስደግፋ፣ እንጨቱን እየያዘች ቤቱን ዞረችው። ደግማ ዞረችው። ሦስተኛውን ስትጀምር ቨርና ደረሰች።

«ቤት ግዢ ተባልሽ እንጂ ጀልባ ግዢ ተባልሽ?»

«አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ሽንት ቤት አለው። ካንቺ ቤት የሚጎድለው አንቺ ብቻ ነሽ።»

ለጠበቃው ደወለች። «ይኖሩበታል?» አላት።

«እሞትበታለሁ!»

«መኖሩ ይበቃል» አለ ጠበቃው።

ውሉ ለወሩ የመጨረሻ ቀን ተቀጠረ። በቀኑ ኦዳሊ ጸጉሯን ተሠርታ፣ ከቨርና ጋር ውል አዋዋይዋ ሚስ ሆርተንስ ቢሮ ተቀምጣ ጠበቀች። ዳድሊ አልመጣም። ስልኩም አይነሳም። ጎረቤቱ ሲጠየቅ «ማለዳ የሸርጣን ወጥመድ ሊያወጣ ሄዷል» አለ።

ኦዳሊ ክራንቿን አነሳች። «ቨርና፣ ጀልባሽን አስነሺ። ሚስ ሆርተንስ፣ ማህተሙን ይያዙ።»

«እኔ ውሃ አልወድም» አለች ሚስ ሆርተንስ፣ ነጭ ጫማዋን እያየች።

«ማን ውደጂው አለሽ፣ እናቴ? ተሻገሪው ነው የተባልሽው» አለቻት ቨርና። ተቃዋሚዋ ቨርና ሞተሩን ስታስነሳ ከሁሉም በላይ የቸኮለች እሷ መሰለች።

ዳድሊን ከሸምበቆው ጀርባ አገኙት። ሲያያቸው ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ ወጥመዱን መጎተት ቀጠለ።

«አባባ ዳድሊ!» ብላ ጮኸች ኦዳሊ። «ዛሬ ቀጠሮ አልነበረንም?»

«ረሳሁት።»

«የረሳ ሰው እንዲህ አይደበቅም።»

ሽማግሌው ገመዱን ለቀቀ። ልጁ ከተማ ልትወስደው ነበር፤ ጓዳም አዘጋጅታለታለች። «መልካም ልጅ ናት» አለ። «ሸርጣን ግን ይሸታል ትለኛለች። ወጥመዶቼን ጣል አለችኝ። ሃምሳ ዓመት የያዝኩትን ነገር የት ልጣለው?»

ቨርና አፏን ከፈተች፤ ኦዳሊ ክንዷን ያዝ አደረገቻት። የሰው ጓዳ ምን እንደሆነ ኦዳሊ ታውቀዋለች፤ የሚወዱህ ሰዎች ጓዳ ሲሆን ደግሞ ማማረር እንኳ ነውር ነው።

«ወጥመዶቹ እኔ ጋ ይቀመጡ» አለችው። «ትንሿን ጀልባዎንም ከቤቱ ጎን በገመድ ይሰሯት። ባሻዎት ጠዋት መጥተው ወደ ውሃው ይውጡ። ብቻ ሲገቡ ያንኳኩ፤ ቤቱ የኔ ነው።»

ሽማግሌው ውሃውን አየ፤ እሷን አየ። «ሸርጣንሽን እኔ ነኝ የማመጣልሽ» አለ። «አትገዢም።»

ውሉ በሸርጣኑ ሣጥን ክዳን ላይ ተፈረመ። አንዱ ሸርጣን አምልጦ ወደ ነጩ ጫማ ሲያመራ ሚስ ሆርተንስ መቀመጫው ላይ ወጥታ ቆመች፤ ማህተሟን ግን ሳታጣምም አሳረፈች። ቨርና በምስክርነት ፈርማ ስታበቃ አፍንጫዋን በክንዷ ጠረገች።

«ምን ሆንሽ?» አለቻት ኦዳሊ።

«ነዳጁ ነው፣ ዓይኔን ይለበልበኛል።»

ባንክ ሳይዘጋ ገንዘቡ ለዳድሊ ተከፈለ። ከሳምንታት በኋላ ከድጎማው ቢሮ አንድ ሠራተኛ መጣ። አልጋውን፣ የጥርስ ብሩሹን፣ ድስቱን ተመለከተ፤ እዚህ እንደምትኖር አረጋገጠ። ለድጎማው የሚያሰጋ ነገር እንደሌለ ነግሯት፣ እየተንገዳገደ ወደ መሬቱ ወጣ።

ቨርና አሁንም ቀን በቀን ትመጣለች። በመጀመሪያው ቀን ድስቶቹን በመጠን መደርደር ስትጀምር ኦዳሊ ከበረንዳው ሆና «እንግዳ ይቀመጣል!» አለቻት። ቨርና ድስቱን አስቀምጣ፣ መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱም እግራቸውን ወደ ውሃው ሰደዱ። አንዲት የሽሪምፕ ጀልባ ስታልፍ ማዕበሏ ቤቱን ወዘወዘው፤ ቨርና በድንጋጤ የኦዳሊን ጉልበት ጨመደደችው።

«አይዞሽ» አለቻት ኦዳሊ፣ እየሳቀች። «እኔ ይዤሻለሁ።»